ዙህር በጠጠሩ ዳርቻ

ሙዘይን ሰው ይጸየፋል፤ ራሱም አይክድም። ዕድሜው ስድሳ አንድ ነው። ሚኒያፖሊስ፣ ፊሊፕስ ሰፈር ውስጥ፣ ጫማ ደጅ በሚወልቅበትና መጸዳጃ ቤቱ ኩስኩስት በማያጣ ቤት ከሚስቱ ከዛሂዳ ጋር ሃያ ዓመት ኖሯል። ኮምቦልቻ ተወልዶ፣ በጉብዝናው ወራት የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና ተመላልሶበታል። አሜሪካ ሲገባ መጀመሪያ የስጋ ፋብሪካ ቆመ፤ ከዚያ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይዞ አሥራ አንድ ዓመት የልጆች ትውከት ጠረገ። «የልጅ ትውከት ምንም አይደል» ይላል። «ልጅ ሲያስመልሰው ያፍራል። ትልቅ ሰው ነው የማያፍረው።»

ይህን ማለት የጀመረው አምና በግንቦት፣ ሻንጣ በጀርባቸው አዝለው የሚዞሩ አገር ጎብኚዎችን አውቶቡስ ሲይዝ ነው። አውቶቡሱ በጠዋት ከሚኒያፖሊስ ይነሳና ወደ ሰሜን፣ የሱፒሪየርን ሐይቅ ዳርቻ ይዞ ካናዳ ጠረፍ አጠገብ ድረስ ይወጣል። ሐይቅ ይባል እንጂ ማዶው አይታይም፣ ማዕበል አለው፣ መርከብም ሰምጦበታል፤ ስለዚህ ተሳፋሪው ሁሉ ኮስት፣ የባሕር ጠረፍ፣ ነው የሚለው። ሰዉ የሳምንት ቲኬት ይቆርጣል፤ ደስ ያለው ቦታ ይወርዳል፤ ጫካ ውስጥ ድንኳን ተክሎ ያድራል፤ በማግስቱም ሆነ በሦስተኛው ቀን አውቶቡስ ሲመጣ እጁን አወዛውዞ ይሳፈራል። ሙዘይን አንዱን ቀን ይወጣል፣ እዚያው ያድራል፣ በማግስቱ ይመለሳል።

የሙዘይን ችግር መጀመሪያ ሲሳፈሩ አልነበረም። ሚኒያፖሊስ ላይ የሚሳፈሩት ታጥበው፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተቱ ነው። ችግሩ በሦስተኛው ቀን መንገድ ዳር ቆመው ሲጠብቁት ነው። በሩን ሲከፍትላቸው መጀመሪያ የሚገባው ሽታቸው ነበር፤ እነሱ ይከተላሉ። ያልታጠበ ካልሲያቸውን የአየር ማቀዝቀዣው አፍ ላይ ያሰጡታል፤ አየሩም የካልሲውን መዓዛ ሰብስቦ ለሁሉም እኩል ያከፋፍላል። አንዱ ጎረምሳ ባዶ እግሩን ከሾፌሩ መቀመጫ ጀርባ ሰቅሎ፣ ውሃ የቋጠረ ተረከዙን እየላጠ፣ ልጣጩን ወለሉ ላይ ይጥላል። አንዷ የውሻዋን ሰገራ በላስቲክ ቋጥራ ሻንጣዋ ላይ አንጠልጥላ ትገባለች። ይቺው ሴትዮ የለውዝ ቅቤ በማንኪያ ትዛቅና አንዴ እሷ ትልሳለች፣ አንዴ ውሻው ይልሳል፣ ደግሞ እሷ ትልሳለች። ሙዘይን ይህን ሁሉ በመስታወት ያያል። ዓይኑን እንዳይነቅል ደግሞ መስታወት ማየት ሥራው ነው።

ቤት ሲመለስ ለዛሂዳ አንድም ሳያስቀር ይነግራታል።

«ወረቀት እኮ ነው ዛሂዳ! ሦስት ቀን ሙሉ ጫካ ውስጥ በወረቀት መጥረግ ብቻ! ጠብታ ውሃ ሳይነካቸው መጥተው እኔ ወንበር ላይ ዘፍ!»

«በአላህ፣ ምግብ እየበላሁ ነው» ትላለች ዛሂዳ። ትስቃለች ግን። ማታ ማታ፣ ውጭ ሲያድርም በስልክ፣ የዛሬዎቹ ምን አደረጉ ብላ የምትጠይቀው እሷው ናት፤ እሱም ሲነግራት ይቀለዋል። እያንዳንዱን ወንበር በበረኪና ሳይወለውል ቁልፍ አስረክቦ አያውቅም፤ የውሻው ምራቅ ያገኘውን ወንበር ደግሞ እንደ ሃይማኖቱ ሥርዓት ሰባት ጊዜ ያጥበዋል።

እንግዲህ ይህን ያህል ንጹሕ ሰው በቆሻሻነት ተከሰሰ። ነገሩ እንዲህ ነው። ዙህር፣ የቀትር ሶላቱ፣ ሲደርስ አውቶቡሱ አንድ የመንገድ ዳር ማረፊያ ላይ ይቆማል፤ ሙዘይንም መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውዱእ፣ የሶላት ትጥበቱን፣ ያደርጋል። እግሩን ሲታጠብ የት ያድርገው? እጅ መታጠቢያው ላይ ሰቀለው። ያ ተረከዙን ሲልጥ የነበረው ጎረምሳ ከኋላው ገብቶ አየና ፊቱን አጨማደደ፤ ለካምፓኒውም ጻፈ። በማግስቱ ሜቲ ደወለች። ሜቲ ከሚኒያፖሊስ ዳር፣ ክሪስታል ያደገች ወጣት ናት፣ ቢሮ ሆና አውቶቡሶቹን የምትከታተል።

«ጋሽ ሙዘይን፣ አይ አም ሶ ሶሪ፣ ከስተመር ኮምፕሌይን አድርጎ ነው። እግርዎን ሲንክ ውስጥ እንዳያስገቡ ተብሏል። ግሮስ ነው፣ ያስጠላል ብሎ።»

«ማን? እሱ? የእኔን እግር?»

ሙዘይን ያን ቀን ምሳ አልበላም። በቀን አምስት ጊዜ የሚታጠብ እግሩን፣ ቆዳውን አውቶቡስ ውስጥ የሚያራግፍ ሰው ተጸየፈው! ከዚያ ወዲያ ማረፊያው ላይ ውዱእ ማድረግ ተወ። ትንሽ ራቅ ብሎ አውቶቡሱ ለዕይታ የሚቆምበት ጠጠራማ ዳርቻ አለ፤ እዚያ ወርዶ በሐይቁ ውሃ ታጥቦ፣ ድንጋዮቹ ላይ መስገጃውን ዘርግቶ መስገድ ጀመረ። መንገደኛ ስለሆነ ዙህርን አሳጥሮ ከሚቀጥለው ሶላት፣ ከዐስር ጋር ቢያጣምረው ይፈቀድለታል፤ ዛሂዳም ብላዋለች። ማሳጠሩን ተቀበለ፤ ማጣመሩን ግን «ሰዓቱ ሳለ? አልሞትኩ፣ አልታመምኩ» ብሎ ተወው። ሁለት ረከዓ ሰግዶ ይነሳል። የሚያየውም አልነበረም።

እስከ ሰኔ አጋማሽ ድረስ። አንድ ማታ ልጁ ሱንዱስ ስልኳን ይዛ መጣች።

«ዳድ፣ ዩ አር ፌመስ።»

ፎቶው የባለውሻዋ ነበር። ሰማዩ፣ ውሃው፣ ጠጠሩ፣ ሁሉም ያምራል። መሐሉ ላይ ሙዘይን ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሱጁድ ወርዷል፤ የተነሳው ደግሞ ከኋላ ነው። አርባ ሺህ ሰው ወዶታል። «እንዴት ያለ ሰላም» ይላል አንዱ። ሙዘይን የሚያየው ሰላሙን አልነበረም። የራሱን መቀመጫ ነበር፣ አርባ ሺህ ሰው ያየውን። ስልኩን ገልብጦ መለሰላት።

ባለፎቶዋን መርገም ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀለለ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አዲስ የጉዞ ወረቀት ታትሞ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀመጠ። የፏፏቴው ሰዓት አለ፣ የምሳው አለ፣ ከዚያ በታች እንዲህ ይላል፦ «ከቀትር በኋላ 1:20፣ የጠጠሩ ዳርቻ። ሾፌራችን የሚሰግድበት፣ 12 ደቂቃ። ለፎቶ የሚመች።»

ሙዘይን ወረቀቱን ጨብጦ ቢሮ ገባ።

«ሜቲ፣ ይሄ ምንድን ነው? እኔ ዝንጀሮ ነኝ? ፕሮግራም ውስጥ የሚገባ?»

ሜቲ ደነገጠች። ክፋት አላሰበችም። «ጋሽ ሙዘይን፣ ሪስፔክት ነው እኮ። ሰዉ ላቭ ያደርገዋል። ሪቪው ላይ ሁሉ እርስዎን ነው የሚያነሱት።»

«አሥራ ሁለት ደቂቃውን ደግሞ ማን ነገረሽ? ለሁለት ረከዓ አሥራ ሁለት ደቂቃ?»

«እኔ አይደለሁም፣ ጂፒኤሱ ነው። አውቶቡሱ የቆመበትን ይቆጥራል። አቬሬጁን ነው የጻፍኩት።»

«ይበላሽ እሱ ማሽን» አለና ወጣ። የሚቀጥለው ዓመት ኅትመት ላይ እንሰርዘዋለን አሉት፤ እስከዚያ ወረቀቱ እንዳለ ይቆያል።

አሁን ሙዘይን ምን እንደፈራ መናገር ያስፈልጋል። ፎቶውን አልፈራም፣ ሥራ ማጣትንም አልፈራም። የፈራው ይዩልኝን ነው፤ ሰው እንዲያየው ብሎ መስገድን። እንዲህ ያለ ሶላት ለሰጋጁ ምንም እንደማይጠቅመው ሕፃን ሆኖ የተማረው ነው። ጉልበቱ አርጅቷል፣ ልጁ በእንግሊዝኛ ትመልስለታለች፣ የዕድሜው ሲሶ በሰው አገር አልቋል። ሳይነካ ቀረልኝ ብሎ የሚያስበው አንድ ነገር ቢኖር ሶላቱ ነው። ያንን ነው እንግዲህ እነዚህ ሽታሞች ከፏፏቴና ከሳንድዊች መሐል የሰነቀሩት።

ቦታውን መቀየር ይችል ነበር። ማጣመርም ይችል ነበር። እልኸኛ ነውና «ለነሱ ብዬ ሶላቴን ንቅንቅ አላደርግም» አለ። ወደ ሰሜን በነዳ ቁጥር 1:20 ሲሆን ይወርዳል፤ እነሱም ይወርዳሉ። እርስ በርሳቸው ዝም በል ይባባላሉ። አንዱ ኮፍያውን ያወልቃል። አንዷ ድንጋይ ላይ እግሯን አጣጥፋ ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች፣ ሦስት ቀን ያልታጠበ ፀጉሯን ነፋስ እየነፋባት። አንዱ ሽማግሌ ሙዘይን አሰላምቶ ሲነሳ ጠብቆ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ታንክ ዩ» አለው። ምን ሰጠሁህ? ሙዘይን ሊተፋ ቃጣው።

ሰኔ ላይ የሚሰግድበት መስገጃ ጠርዙ የተቃጠለ አሮጌ ነበር። ሐምሌ ላይ አረንጓዴ አዲስ ገዛ። አላህ ፊት በተቃጠለ ጨርቅ አይቆምም ብሎ ነው። ሸሚዙን ዛሂዳ ትተኩስለት ጀመር፤ ንጽሕና የእምነት ግማሽ ነው። ነጭ ቆብ ጨመረ፤ ፀሐዩ አናቱን ይበሳዋል። ሱጁድ ላይ ሲወርድ ደግሞ ካሜራቸው እስኪሰለች ብሎ ይቆያል፤ እንዳይሰለቻቸው ያደረገው እሱ መሆኑ አልታየውም። ውዱእ ሲያደርግ ቀዝቃዛውን ውሃ ክንዱ ላይ ቀስ ብሎ ያፈሰዋል። በየመሐሉ «ለነሱ አይደለም» ይላል በልቡ። ማታ ደግሞ ለዛሂዳ ይነግራታል፤ እንዴት እንደሚያፈጡበት፣ እንዴት እንደሚሸቱ፣ አንዷ እንዴት እንዳለቀሰች። ሲናገር ምራቁን ዋጥ ያደርጋል። መጸየፉ እውነት ነበር፤ ማንም አይጠራጠረው፣ እሱም አልተጠራጠረም።

መስከረም ላይ ዝናብ መጣ። ከዕለታት አንድ ቀን ሚኒያፖሊስ ላይ አንድም ተሳፋሪ ጠፋ። ነገ የሚመለሱ ሰዎች ሰሜን ስላሉ አውቶቡሱ ባዶውንም ቢሆን መሄድ አለበት። ሙዘይን እንደ ሙሽራ ነበር የተደሰተው! ካልሲ የለ፣ ውሻ የለ፣ የቱና ቆርቆሮ የለ። መስኮቱን ከፈት አድርጎ ንጹሕ አየር ሳበ፤ አውቶቡሱ በረኪና በረኪና ይሸታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሐይቁን ራሱን አየው። ብቻውን ሦስት ሰዓት ነዳ፤ በአሰብ መንገድ ጊዜ ያንጎራጉር የነበረውንም አንጎራጎረ።

ጠጠሩ ዳርቻ ሲደርስ ዝናቡ ቀለል ብሎ ነበር። ሙዘይን ፍጥነቱን እንኳ ሳይቀንስ አለፈው። «መንገደኛ ነኝ፣ ከዐስር ጋር አጣምራለሁ» አለ፤ የተፈቀደ ነው፣ ኃጢአት የለበትም። ማደሪያው ደርሶ ዳቦና ዓሣ በላ፤ ጋደም አለ። ዐስር ገብቶ ሊመሻሽ ሲል ተነሳና በአልጋውና በግድግዳው መሐል፣ ሲጋደም በለበሰው ቲሸርት፣ ፎጣ አንጥፎ ዙህርንም ዐስርንም አከታትሎ ሰገደ። መስገጃው አውቶቡስ ውስጥ ነበር፤ ለማምጣት ሰነፈ። ግንባሩ ፎጣውን ነካ ሲያደርግ ተነሳ፣ ነካ ሲያደርግ ተነሳ። አሰላምቶ እንደጨረሰ ስልኩ ጮኸ። ሜቲ ናት።

«ጋሽ ሙዘይን፣ ደህና ነዎት? ጂፒኤሱ ዛሬ ጠጠሩ ጋ አልቆሙም ይለኛል። እስከ ዛሬ አንድ ቀን ስኪፕ አድርገው አያውቁም፣ አሞዎት እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«ደህና ነኝ» አለ ሙዘይን። «ሰው አልነበረማ።»

«ኦ፣ ኦኬ» አለች ሜቲ፣ ምንም ሳይመስላት። ደህና ይደሩ ብላ ዘጋች።

ሙዘይን ፎጣው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ሰው አልነበረማ። ማንም ጠምዝዞ አላናገረው፤ ከገዛ አፉ ነው የወጣው። ሁለት ሶላት ሰግዶ ሲጨርስ አምስት ደቂቃ እንዳልፈጀበት ከአልጋው አጠገብ ያለው ሰዓት ያሳያል። ድንጋዩ ላይ ለግማሹ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲወስድ ጉልበቱን ያላመመው ሰው፣ እዚህ ለአላህ ብቻ ሲሆን የሚያጣድፈው ምን ነበር? አረንጓዴውን መስገጃ አሰበው፣ የተተኮሰውን ሸሚዝ፣ ቀስ ብሎ የሚፈሰውን ውሃ። ስንት ቀን፣ ስንት ዙህር እንዲህ እንደሄደ ሊቆጥር ጀመረና ተወው። ከእነዚያ ሰዎች አንዱም እንዲህ አድርጎ አላቅለሸለሸውም።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ዛሂዳ ናት፣ የማታ ወሬዋን ፈልጋ።

«እሺ፣ የዛሬዎቹስ? እስቲ አስቀኝ።»

«ዛሬ አንድ ሰው ብቻ ነበር» አለ ሙዘይን።

«ይሸታል?»

«ከሁሉም ይብሳል።»

ዛሂዳ ሳቋን ለቀቀችው። «ምን አደረገ ደግሞ? ንገረኛ!» አለች። ሙዘይን ፎጣውን ከወለሉ ላይ አንስቶ አጠፈ፣ መልሶ ዘረጋ፣ መልሶ አጠፈ። የስንቱን ተሳፋሪ ሥራ አንድ በአንድ ለነገራት ሚስቱ፣ የራሱን ለመንገር አፉ አልታዘዘለትም።