ወርዶ ሰላም የማይል ፈረሰኛ

ጎረቤቴ ካሳነሽ እንጅባራ ውስጥ ፊዚክስ ታስተምራለች። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የመረጠችው ነገር ግን እኔን እንኳ ያፈዘዘ ነው፦ በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ብቻ የሚመላለሱ ቅንጣቶች። ቢጋጩም አይሰባበሩም፣ ቁጥራቸውም አይጨምርም፤ የገቡበትን ፍጥነት ይዘው ይወጣሉ። መጠነ ቁስ፣ በተለምዶ ክብደት የምንለው፣ ያላቸው ቆመው ማረፍ ይችላሉ። የሌላቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን በብርሃን ፍጥነት መሮጥ ነው ዕጣቸው።

እሷን ያስጨነቃት የመመረቂያ ጽሑፏ ፈተና አልነበረም፤ አባቷ ናቸው። አቶ ትዕዛዙ እናትም አባትም ሆነው ያሳደጓት፣ በፈረሰኛነታቸው የታወቁ ሰው ናቸው። "ጽሑፌን ሳቀርብ ይምጡልኝ" ብትላቸው፣

"ባልገባኝ ነገር ላጨብጭብ? እዚያ እንደ ጉልቻ ከምጎለት ፈረሴን ባበላ ይሻለኛል" አሏት።

እንግዲያው ቅንጣቶቹን በፈረስ ላሳያቸው አለች። አንድ እሑድ የአካባቢውን ፈረሰኞች ለምና ሜዳ ላይ በሁለት ሰልፍ ፊት ለፊት አቆመቻቸው።

"ጋልባችሁ በመሀል ተላለፉ። ማንም እንዳይቆም!"

ስህተቷ አባቷን ከአንዱ ሰልፍ ፊት ማስቀደሟ ነበር። መሬቱ እየተንቀጠቀጠ መሀል ሲደርሱ፣ ከወዲያኛው ሰልፍ ስማቸው የሚባል ጎረምሳ አዛውንቱን አየና ልጓሙን ሳበ፤ ዘሎ ወረደ። የተከተሉት ሁሉ ወረዱ። እኛ ዘንድ ለትልቅ ሰው ከኮርቻ ላይ ሆኖ ሰላምታ የለም።

"እንደምን ዋሉ፣ አባባ?"

"እግዜር ይመስገን። አባትህ ደኅና ናቸው?"

ፈረሶቹ ሣር መጋጥ ጀመሩ።

"ኧረ አትውረዱ! እናንተ ብርሃን ናችሁ!" ጮኸች ካሳነሽ።

"ብርሃን ቢሆንስ፣ ትልቅ ሰው አያከብርም?" አለ ስማቸው።

"መቆም አይችልም! መውረድ ያልተፈጠረለት ፈረሰኛ ነው።"

ፈረሰኞቹ ሳቁ፤ አቶ ትዕዛዙ ግን አልሳቁም። "ሰላም ሳይል ያልፋል?"

"ያልፋል፣ አባዬ።"

"መገናኘታቸውስ በምን ይታወቃል?"

"ካለፉ በኋላ፣ ሳይገናኙ ቢሆን ኖሮ ከሚደርሱበት ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ ወይም ትንሽ ወደ ፊት ይገኛሉ። ሌላ ምልክት የለም።"

"ታዲያ ያቺው ናታ ሰላምታቸው!"

እኔ ስንት መጽሐፍ ያገላበጥሁ ሽማግሌ ያን ዕለት ስንቱን ሰው አሰብሁ፤ በሕይወቴ አልፈው ሄደው፣ እኔን ያው እንደነበርሁ ትተው፣ ጥቂት ያዘገዩኝን።

በፈተናው ቀን አቶ ትዕዛዙ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። ፈታኙ፣ "መጋጨታቸውን በምን ትለዪዋለሽ?" ሲላት፣ ገና አፏን ሳትከፍት ከወንበራቸው ተነሡ።

"ሰላም ሲባባሉ ይዘገያሉ፣ ጌታዬ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ካሳነሽም እየሳቀች ወደ ሰሌዳው ዞረች፤ "አባቴ ያሉት በቀመር ሲጻፍ እንዲህ ነው" ብላ ጀመረች።