የፊልሞን ዘጠና ሰከንድ

ፊልሞን ሃያ ዓመት ሙሉ በሐዋሳ ሠርግና ጉባኤ የድምፅ መሣሪያ ሲያሠራ የኖረ ሰው ነው። ድምፅን መፍራት ከጀመረ ግን ገና ሁለት ዓመቱ ነው። የሚፈራው መብራት ሲጠፋ አይደለም፤ ተመልሶ ሲመጣ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ባለው ጸሎት ቤት፣ መድረክ ላይ ያለውን የድምፅ ማደላደያ፣ ሚክሰሩን፣ ከአዳራሹ ኋላ ተቀምጦ በታብሌት ያዝዘው ነበር። ሁለቱን የምታገናኘው መዳፍ የምታህል ሣጥን ናት፤ ራውተር። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ስፒከሮቹ ወዲያው ነቁ። ራውተሯ ግን እስክትነቃ ዘጠና ሰከንድ ትፈልጋለች። በዚያ መሃል አንድ ማይክ ዘማሪዎች የራሳቸውን ድምፅ ከሚሰሙበት የወለል ስፒከር ፊት ቀርቦ ኖሮ፣ አዳራሹን የሚሰነጥቅ ፉጨት ተነሣ። ፊልሞን ታብሌቱን ቢነካው፣ ቢነካው፣ የሚታዘዘው የለም። ሮጦ ሲደርስ ዘማሪዋ ሩሀማ ቀኝ ጆሮዋን ይዛ ጎንበስ ብላለች። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ያ ጆሮ ዛሬም በቅጡ አይሰማም። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረችውም፤ እሱን የሚያቃጥለውም ይኸው ነው።

በዚህ እሑድ ሩሀማ በዚያው ጸሎት ቤት ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትዘምር ነው።

ሦስት ቀን ለፋ። ከመድረኩ ጎን ባለችው ክፍል ራውተሯን ከባትሪ ላይ ሰካት፤ መብራት ቢጠፋም እሷ እንዳትተኛ። የሰው ስልክ ሁሉ እንዳይጫናት የይለፍ ቃሏን ለማንም አልነገረም። ወደ ሚክሰሩ የሚሄደውንም ገመድ ሁለት አደረገው፤ አንዱ ቢረገጥ ሌላው እንዲደርስለት። ዓርብ ዕለት መብራቱን ራሱ እያጠፋ እያበራ አሥር ጊዜ ፈተነ። አሥሩንም ጊዜ ሠራ። እንዲያም ሆኖ እሑድ ጠዋት ገመዶቹን አንድ በአንድ እንደገና ነካካ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅህን የምትድር ትመስላለህ እኮ!» አለው ደምሴ፣ የአስተናጋጆቹ አለቃ።

«ተወኝ፣ ደምሴ።»

ሩሀማ ሁለተኛውን አዝማች ስትጀምር መብራት ጠፋ። ምእመኑ እንደ ልማዱ አላቋረጠም፤ ዝማሬውን በጭብጨባ ተቀበላት። እሷም ማይኩን የያዘ እጇን ወደ ታች ለቅቃ በባዶ ድምፅ ቀጠለች። የማይኩ አፍ ወደ ወለሉ ስፒከር ዞሯል።

ፊልሞን ታብሌቱን አየ። የራውተሯ ምልክት አረንጓዴ ናት። ባትሪው ይዟል። ከጠዋት ጀምሮ የያዘውን ትንፋሽ ገና ሊለቅ ሲል፣ ምልክቷ ቀይ ሆነች።

ሮጠ። በክፍሏ በር ላይ ደምሴ የውሃ ማፍያ ይዞ ቆሟል።

«ምን አደረግህ?»

«ለሰባኪው ሙቅ ውሃ ነበር፣ ጉሮሮው ተዘግቶ። መብራት ያለው እዚህ ብቻ ሆነብኝ። ገና ስሰካው ባትሪህ ጮኸና ሞተ!»

ሊቆጣው ጊዜ አልነበረውም። ባትሪውን መልሶ ቢያስነሣው እንኳ ራውተሯ ዘጠና ሰከንዷን ትፈልጋለች፤ መብራት ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየው መድረኩ ላይ ወጣ፣ በጉልበቱ ተንበረከከና ከወለሉ ስፒከር ጀርባ ገመዱን ያዘ። እጁ በላብ ይሙለጨለጫል። ሳበ። አልወጣም። መቆለፊያውን በአውራ ጣቱ ተጭኖ እንደገና ሳበ። ተነቀለ።

አምፖሎቹ ቦግ አሉ።

ፊልሞን ዓይኑን ጨፈነ። ፉጨት የለም። የሚሰማው ጭብጨባው ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ይነሡ እንጂ፤ ሰው ያያል» አለችው ሩሀማ፣ ደህናውን ጆሮዋን ወደ እሱ አዙራ።

«አልነሣም። አንቺ ዘምሪ።»

ጥቂት አየችውና ማይኩን ወደ አፏ መለሰች። የወለሉ ስፒከር ስለሌለ የራሷን ድምፅ በደንብ አትሰማም፤ ቢሆንም ዘመረች። ዘጠና ሰከንዱ አልፎ፣ ከአዳራሹ ኋላ፣ ባዶው ወንበር ላይ፣ የታብሌቱ ምልክት ተመልሳ አረንጓዴ ሆናለች። ፊልሞን ግን መዝሙሩ እስኪያልቅ ከእግሯ ሥር አልተነሣም፤ የነቀለውን ገመድ በሁለት እጁ ጨብጦ እንደያዘ ነበር።