ሁዳዴ ላይ የወለደችው ላም

በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። የምኖረው ሱሉልታ ነው። ሁለቱን የሀበሻ ላሞቼን ሸጬ አንዲት ዲቃላ ጊደር የገዛሁት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ግጦሹ ሁሉ የቪላ አጥር ገብቶበታል፤ ጥቂት ከብት ይዞ ብዙ ማለብ ነው የሚያዋጣው ብለው የግብርና ባለሙያዎች መከሩን። እኔም አመንኩ።

በዚያው ግንቦት ጊደሯ ኮርማ ስትፈልግ አዳቃይዋን ጠራኋት። የፈረንጅ ኮርማ ዘር በቀዝቃዛ ጋን ይዛ በሞተር የምትዞር ልጅ ናት። ጊደሯን አየችና ቆም አለች።

«አባባ፣ አሁን ከያዘች እኮ የምትወልደው ሁዳዴ ላይ ነው። ለምን ሁለት ሦስት ወር አናሳልፋትም?»

«ላም ጾም አታውቅም» አልኳት።

«ገዢው ያውቃላ።»

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

ሳቀች። «እሺ፣ አንቱ ካሉ።»

ያዘች። የካቲት ላይ፣ ጾሙ ከገባ በኋላ፣ ሴት ጥጃ ወለደች። ወተቷም ጉድ ነው። የድሮዎቹ የሚታለቡበት ጮጮ ለዚህች አንድ ጡት አይበቃም ነበር።

አስፋልት ዳር ያለው ወተት ተረካቢ ግን ጀሪካኔን ከፍቶ እንኳ አላየም። «አባባ፣ ከፋሲካ በኋላ ይምጡ። የትናንቱም አልተነሳልኝ።»

ከተማ ያሉ ሙስሊም ነጋዴዎች ለቤታቸው የሚበቃቸውን ያህል ገዙኝ። የተረፈውን ባለቤቴ ናጠችው። ቅቤ ለፋሲካ ይቆያል፤ ፉርሽካ ሻጩ ግን እስከ ፋሲካ አይጠብቅም። ወተት ካልተሸጠ መኖ አይገዛም። ጭድ ብቻ ሰጠናት።

ዘር የሚሉትን ነገር ያየሁት ያኔ ነው። የሀበሻ ላም መኖ ሲያጥራት ወተቷን ቀንሳ ራሷን ታድናለች። ይህቺ ግን ለመቀነስ አልተፈጠረችም። የበላችው ጭድ፣ የምታፈሰው ወተት፤ ወገቧ እንደ መጥረቢያ ሾለ። ካላለብኳት ጡቷ ያብጣል፤ ካለብኳት ሥጋዋ ያልቃል።

«ሽጣት» አለችኝ ባለቤቴ።

«ፋሲካ ሲደርስ እጥፍ ታወጣለች።»

«እስከዚያ አንተ ልትሸከማት ነው?»

በጾሙ አጋማሽ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በረት ውስጥ እንደተኛች ቀረች። ጎረቤት ተሰብስቦ በገመድ ብንሞክርም አልተነሳችም። አዳቃይዋን ጠራን። መጥታ ጆሮዋን ዳሰሰች፤ ቀዝቅዟል። «አባባ፣ ሳትሞት ይሽጧት» አለችኝ።

በሁዳዴ ክርስቲያኑ አያርድ፣ ሥጋ አይገዛ። ያለው የሙስሊሙ ሥጋ ቤት ነው። ባለቤቱ መጣና ጎኗን ጨበጥ ጨበጥ አደረገ።

«አባቴ፣ ይህቺ ሥጋ የላትም እኮ።»

«ወተት አድርጋው ነው።»

«ታዲያ ወተቱን አትሸጡትም ነበር?»

የሰጠኝን ተቀበልኩ። ሳይመሽ በአይሱዙ ጭኖ ወሰዳት።

ጥጃዋ ስትጮህ አደረች። በማግስቱ ጠዋት ባዶ ጆግ ይዤ የምትታለብ ላም ያለችው ጎረቤቴ ደጃፍ ሄድኩና ለጥጃዋ የሚሆን ወተት ለመንኩ።