የእናታችን ቀሚስ ወገብ

ሰው ሁሉ ታላቅ እህቴን ሲያደንቅ አብሬ እስቃለሁ እንጂ አንጀቴ ያርራል። ያን ሁሉ ልጅ ወልዳ ወገቧ የልጃገረድ ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ ቢሮ ተቀምጬ እየዋልኩ በየዓመቱ እሰፋለሁ፤ እሷ ደብረ ኤልያስ ገበሬ አግብታ፣ ቀን ቆሎ ቆርጥማ፣ ማታ እንጀራ በሽሮ በልታ ቀጥ እንዳለች አለች። ኧረ ምን ዓይነት አድልዎ ነው!

ቅናቴ የባሰበት በእናታችን የጥልፍ ቀሚስ ነው። ተዝካሯ ሲወጣ ሌላው ልብሷ ለነዳያን ተሰጠ፤ ይህን ግን ሁለታችንም አንለቅም አልን። አክስታችን ፈረዱ። «ለወንድማችሁ ሰርግ ለኩትና ልክ ለሆነላት ይሁን። መቀስ እንዳይነካው!» ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነበር።

ከዚያማ ጉዴ ፈላ። የቢሮ ጓደኛዬን ያከሳት ዳይት ሥጋና እንቁላል ብቻ ብዪ የሚል ነው፤ በሁዳዴ ማን ይደፍረዋል? ስለዚህ በቴሌግራም የሚሸጥ የማክሻ ሻይና ኪኒን አዘዝኩ። ሆዴን እየቆረጠኝ መጸዳጃ ቤት ስመላለስ ከረምኩ። አንድ ቅዳሜ እህቴ ለገበያ መጥታ «ምነው ፊትሽ ገረጣ?» ስትለኝ፣ የጾሙ ነው አልኳት። እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ስትሠራ ውላ ዓይኗ ያበራል። ብቆነጥጣት ደስ ባለኝ!

የሰርጉ ሰሞን ቤቷ ሄድኩ። ጓዳ ገብቼ ቀሚሱን ባጠልቀው ወገቤ ላይ እምቢ አለ። አውልቄ ወረወርኩላት።

«ያው ያንቺ ነው! ደስ ይበልሽ!»

ለበሰችው። ትከሻዋ ላይ ተንጠለጠለ፣ ደረቱም ባዶ ሆነ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እሷ ግን እንባዋ መጣ።

«አብሽ ያወፍራል ብለውኝ ጾሙን ሙሉ ማታ ማታ በስኳር ስጋተው ከረምኩ፤ ምንም ጠብ አላለልኝ» አለች። «አንቺን ባየሁ ቁጥር ስቀና ነው የኖርኩት።»

«እኔን? ምኔን?»

ክንዴን ያዘችኝ። «ሆድሽ ሲቀር ሁሉ ነገርሽ እሷ ነው። ትከሻሽ፣ ዳሌሽ፣ አካሄድሽ። በበር ስትገቢ እማዬ የገባች ይመስለኛል። እኔ ምኗን ይዤ ቀረሁ? ቀሚሷን እንኳ ሞልቼ ልልበሰው ብዬ ነበር።»

መርፌና ክር አምጪ አልኳትና፣ መቀስ ሳላስነካ ጎንና ጎኑን ወደ ውስጥ አጥፌ ሰፋሁላት።

በሰርጉ ቀን ሰው ወገቧን ሲያደንቅ አሁንም ቀናሁ፤ ምን ላድርግ፣ አይለቀኝም። በድንኳኑ ደጅ ስገባ ግን አክስታችን ከሩቅ አይተውኝ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ በእናቴ ስም ጠሩኝ።

እህቴም ሰማች።