ስህተት የሌለበት ዓሣ

ጦስኝ ነበር የምንላት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ኦቭን ፊት ቆማ ሙሉ ዓሣ ስትጋግር የኖረች ሴት ሌላ ምን ትባል? ሻሿን ብትቀይር፣ ገላዋን ብትታጠብ ሽታው አይለቃትም። እኔ የዚያው ሆቴል አስተናጋጅ ነኝ። ዓሣዋን ተሸክሜ ከወጥ ቤት እስከ ጠረጴዛ ስመላለስ አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶኛል፤ የማወራው ከሰው ሰምቼ አይደለም።

ሙያውን ያስተማሯት አንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ ናቸው። ዓሣውን ከነጭንቅላቱ ከነጅራቱ ታነሣና ጎኑን ሦስት ቦታ ትበጣዋለች። ሆዱ ውስጥ የጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝ፣ በሶብላና ነጭ ሽንኩርት ትጠቀጥቅበታለች። ከዚያ ጨውና የወይራ ዘይት ቀብታ ክብ ክብ ተደርጎ በተቆረጠ ሎሚና ብርቱካን ላይ ታስተኛዋለች። ይሄን ማንም ቆሞ ያያል። ትንንሹን ነገር ግን ካልነገረችህ አታውቀውም። እሷ ደግሞ ስስታም አልነበረችም፤ ለጠየቃት ሁሉ ቁጭ አድርጋ ታስረዳለች። እንዲያ ይመስለን ነበር።

ባለፈው ዓመት ከመንገዱ ማዶ አዲስ ምግብ ቤት ተከፈተ። ወር ሳይሞላው ደንበኞቻችን አንድ በአንድ ተሻገሩ። "እዚያም እኮ ያንኑ ዓሣ ይሠራሉ" ይሉናል፣ ያለ ሀፍረት። የሆቴላችን ባለቤት ጦስኝን ሁላችንም ባለንበት ጠራትና፣ "ሙያውን ለማዶ ያወጣሽው አንቺ ነሽ። አይደለሁም ካልሽ፣ እስከ ነገ ማን እንደሆነ ንገሪኝ። አለዚያ ሽርጥሽን አስረክቢ" አላት። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ! ደሜ ፈላ። ግን ልጆች አሉኝና አፌን ዘጋሁ፤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

እሷ እንኳ አልደነገጠችም። "ነገ ምሳ ማዶ ትጋብዘኛለህ" አለችኝ። "ስቀምሰው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።"

"በምን ታውቂያለሽ እትዬ?"

በማግስቱ መንገዱን ስንሻገር ነገረችኝ። ለጠየቃት ሰው ሁሉ የምታስረዳው አንድ ስህተት ጨምራ ኖሯል፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻ። "ለኬክ ሠሪዋ የብርቱካኑን ልጣጭ ከነነጩ ክተፊበት አልኳት፤ እሷ ከሆነች ይመርራል። ለምክትሌ በፎይል ጠቅልለው አልኩት፤ እሱ ከሆነ ቆዳው ይልፈሰፈሳል።"

"ለእኔስ?"

"አንተን ሎሚውን ከመጋገርህ ሁለት ሰዓት ቀድመህ ጭመቅበት አልኩህ። ሥጋው ይደርቃል።"

መንገዱ መሀል ቆምኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ሚስቴን "ዓሣ ላይ እጅሽ አይሆንም" እያልኩ ሳበሽቃት የኖርኩት ለካ በዚህ ነው! "እኔንም አላመንሽኝም?" አልኳት፣ ከልቤ አዝኜ።

"ማንንም አላመንኩም። እውነተኛውን የማውቀው እኔና እህቴ ብቻ ነን።"

ታናሽ እህቷን ሁላችንም እናውቃታለን። እናታቸው ስትሞት ልጅቷ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ጦስኝ ሳታገባ፣ ሳትወልድ፣ እሷን አጉርሳ አልብሳ አስተምራ ለቁም ነገር አበቃቻት።

ዓሣው መጣ። በሹካዋ ቆዳውን ነካ ስታደርገው ኩርሽም አለ። "ምክትሌ አይደለም" አለች። ሥጋውን ጎረሰች። "አልደረቀም፤ አንተም አይደለህም።" ተነፈስኩ፤ ያላደረግኩትን ምን እንዳስፈራኝ እንጃ። ልጣጩን አኘከችና ኬክ ሠሪዋንም ነጻ አወጣቻት። ከዚያ ደግማ ጎረሰች። በሦስተኛው ሹካውን አስቀመጠች።

"እና ማን ነው?" አልኳት።

"ስህተት የለውም" አለች።

ወዲያው አልገባኝም። ሲገባኝ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። እሷ ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ነበርና ሁሉንም ሰማሁ።

"አቤት እትዬ።"

"ዓሣውን ለማን ነው የነገርሽው?"

"ለእጮኛዬ" አለች ልጅቷ። "የማዶው ቤት የሱ ነው። ልንጋባ ነው እትዬ። ልነግርሽ ነበር እኮ።"

"መቼ?"

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ሲተርቱት ቀላል ነው። እኔ ግን የዚያን ቀን ፊቷን አይቻለሁ። እህቷ እጮኛ እንዳላት እንኳ አታውቅም ነበር።

ስንመለስ ባለቤታችን ሆቴሉ በር ላይ ይጠብቀን ነበር። "እህሳ? ማን ሆነ?"

ስም እስክትጠራ ጠበቅኩ። እሷ ግን ሽርጧን ፈታች፣ አራት ቦታ አጠፈችና እጁ ላይ አኖረችው። "እኔው ነኝ ያወጣሁት።"

"ውሸቷን ነው!" አልኩ። ዞራ አየችኝ፤ ያን አስተያየት አይቶ የሚቀጥል ሰው የለም። ባለቤቱ "አላልኩም?" እያለ ወደ ውስጥ ገባ።

እስከ ውጭ በር ሸኘኋት። "ምን ነካሽ? ለዚህ ያበቃችሽ እህትሽ አይደለችም?"

"ሙሽራ ልትሆን ነው። ስሟን በየወጥ ቤቱ ላስነሣባት?" አለችና ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። "እንዳትስቅብኝ እንጂ፣ ያንን ዓሣ ከእኔ አሳምራ ነው ያስተማረችው።"

የማጽናናት መስሎኝ፣ "እንግዲያው እውነተኛውን ለእኔ ንገሪኝ፤ ሚስቴ እንኳ ትገላገል" አልኳት።

"ተወው ወንድሜ" አለችኝ። "አንተ ስህተቱን ይዘህ ኑር። እስከ ዛሬ ሳንጣላ የኖርነው በሱ ነው።"