የሚስባህ ደህና ዓይን

ሚስባህ ደሴ ሆጤ ሰፈር እየኖረ፣ ጠዋት ጠዋት ኮምቦልቻ እየወረደ ኖራ የሚቀባ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት መሰላል ላይ ቆሞ ኮርኒስ ሲቀባ ኖራው ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ቢያጥበውም ቢታከምም ዓይኑ እንደ ወተት ነጣ፤ ብርሃን ከመለየት በቀር ማየት ተሳነው።

ደሴ ያዩት ሐኪም አዲስ አበባ ላኩት። እዚያ ያገኛት የዓይን ሐኪም በእርጋታ አስረዳችው።

«የዓይንዎን ፊት የሚያድሱት ስቴም ሴል የሚባሉ ሕዋሳት ተቃጥለዋል። ከግራው ዓይንዎ ጥቂት ወስደን ቀኙ ላይ እንተክላለን። እስኪይዝ፣ እናቶች ከወለዱ በኋላ ከሚሰጡት እንግዴ ልጅ በሚነሳ ስስ ሽፋን እናለብሰዋለን።»

እጁ ሳያስበው ወደ ግራ ዓይኑ ሄደ።

«ይሄኛውስ ቢጠፋብኝ?»

«ብዙ ጊዜ አይጎዳም። ግን ምንም አይደርስበትም ብዬ አልምልልዎትም።»

ሆጤ ሲመለስ ሰፈሩ ጉዳዩን ሰምቶታል። አንዱ ሽፋኑ ከሬሳ የሚወሰድ ነው አለ፤ ሌላው ከተጨነገፈ ልጅ ነው አለ። እናቱ ከሐርቡ ገስግሰው መጡ።

«በሰው ልጅ ገላ ልታይ? ወላሂ፣ አንድ ዓይን ይበቃሃል!»

ሚስቱ ከሪማ ሂድም ቅርም አላለችም። አንድ ቀን ግን ደህናውን ዓይኑን ጨፍኖ ግድግዳ እየዳበሰ ከጓዳ ሲወጣ አየችው። ዕውርነትን እየተለማመደ ነበር። ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

በመጨረሻ የመስጊዳቸውን ሸኽ ዘይኑልአቢዲንን ጠየቀ።

«ልጁ በሰላም ከተወለደ፣ እናትየውም ወዳ ከሰጠች፣ እኔ ክፋት አልታየኝም» አሉት። «ያስፈራህ ይሄ ነው?»

«አይ፣ ሸኽዬ። እኔን ያስፈራኝ ጨለማው ነው።»

«እሱንማ እኔም እፈራዋለሁ፣ ልጄ።»

አትፍራ አለማለታቸው አበረታው። ከከሪማ ጋር አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ሕክምናው ተደረገለት። ሁለቱም ዓይኖቹ ታሽገው በተኛበት ጊዜ ሁሉ የእጇን አንጓ ጨብጦ አልለቅም አለ፤ ውሃ ልታመጣለት ስትነሳ እንኳ «የት ነሽ?» እያለ ይጮህ ነበር።

ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የገለጠው ግራውን ነው። የከሪማን ፊት አየ። ከዚያ በኋላ ነው የተነፈሰው።

ቀኙ ቀስ እያለ ጠራ፤ ዛሬ መልክ ይለይበታል። ሥራውንም ጀምሯል፤ ኮርኒስ ቅባ ሲሉት ግን እምቢ ይላል። እናቱ ቀኙን ዓይኑን እስካሁን አልለመዱትም። ሐርቡ ሊጠይቃቸው ሲሄድ ዞረው በግራው በኩል ይቀመጣሉ።