የጓዱን መኪና የገፋን ዕለት

ዛሬም የላምባ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ያለው የቆርቆሮ ክፍላችን ይታየኛል። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ነዳጅ እንደ ልብ አይገኝም። የሳይንስ አስተማሪያችን ቲቸር አሰለፈች የጨንቻ ሴት ነበሩ፤ አማርኛቸው የጋሞኛ ቃና ያለው፣ ቁጣቸውም ሳቃቸውም ለስላሳ። አንድ ጠዋት ላምባው ሊያልቅ የተቃረበ ኩራዝ ይዘው ገቡና ለኩሰው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። «ዝም ብላችሁ እዩት» አሉን። እሳቱ ተንቀለቀለ፣ አነሰ፣ ክሩ ጨሰና ጠፋ።

«የሽፈራውን ዛፍ ብትቆርጡት ያቆጠቁጣል። ጫሞ ሐይቅ ቢጎድል ዝናብ ይሞላዋል» አሉ። «ከመሬት ሆድ የሚወጣው ዘይት ግን አንዴ ከነደደ በቃ፣ ተመልሶ አይመጣም። አንድ ቀን ያልቃል።»

ወሬው የከተማችን ካድሬ ጆሮ ገባ። ይህ ሰው አንድም መጽሐፍ ገልጦ ሲያነብ ያየው የለም፤ ሆኖም የማያውቀው ነገር አልነበረም። አባቴ ንግግሩን በሰሙ ቁጥር «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» ይሉ ነበር፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ካኪውን ለብሶ፣ ቦርጩን አስቀድሞ፣ ሰላምታም ሳይሰጥ ክፍላችን ገባ።

«ነዳጅ ያልቃል ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ጓድ።»

«የሚያልቀው የኢምፔሪያሊስቶቹ ነው! የሶሻሊስት ወዳጆቻችን ነዳጅ አያልቅም!»

«መሬት የማን ወዳጅ እንደሆነች እኔ አላውቅም፣ ጓድ» አሉ ቲቸር። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ቃል ሰው ይታሰር ነበር።

«ነገ ሰልፍ ላይ፣ በልጆቹ ፊት ቃልሽን ታርሚያለሽ!» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ተሰልፈን ስንጠብቀው ሾፌሩ እያለከለከ በእግሩ መጣ። መኪናዋ ከታችኛው ሰፈር፣ ከሲቀላ ስትወጣ፣ ትምህርት ቤቱ ጋ ልትደርስ ስትል፣ ዳገቱ ላይ ቤንዚን ጨርሳ ቆማለች። ጓዱ ደግሞ በእግሩ አይመጣም። ትልልቆቻችን ወርደን ገፋን። እሱ ንቅንቅ አላለም። በመስኮት «በርቱ፣ ልጆች!» ይለናል፤ አቧራችን እንዳይነካው አፍንጫውን በመሐረብ ይዟል። ንቀት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ዕለት፣ ጉንጬን የዚያ መኪና ቆርቆሮ ላይ አስደግፌ ስገፋ ነው።

ላባችን ሳይደርቅ ሰልፋችን ውስጥ ገባን። ቲቸር ወደ ፊት ወጡ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። እኛን አዩ፣ መኪናዋን አዩ።

«ልጆች፣ ጓድ ነዳጅ አያልቅም ብለዋል» አሉ። «በሉ፣ እጃችሁን ታጠቡና ክፍል ግቡ።»

እዚያው የሳቀ አልነበረም። ከክፍሉ ጀርባ ግን ሆዳችንን ይዘን ተንከባለልን። ብዙም ሳይቆይ ቲቸርን ሩቅ ገጠር፣ ወደ ካምባ አዛወሯቸው። ሻንጣቸውን ይዘው የጭነት መኪና ላይ ሲወጡ ሁላችንም አለቀስን።

ዛሬ ልጄ ይህንኑ ትምህርት ባለ ሥዕል መጽሐፍ ላይ ትማራለች፤ ነዳጅ ያልቃል በማለቱ የሚባረር አስተማሪም አልሰማሁም። ደስ ይለኛል። ታሪኩን ስነግራት ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ከዚያ በኋላ ሳይንስ ማን አስተማራችሁ?» አለችኝ።

«ካድሬው ራሱ» አልኳት። «እስከ ዓመቱ መጨረሻ መፈክር ሲያስጮኸን ከረመ።»